ዋና ሳልችል ከውሃ ሰው ያወጣሁባቸው ዓመታት

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የተሰጠኝ ዕቃ ሦስት ነው። አንድ ቀይ ሰደርያ፣ አንድ ፊሽካ፣ ገመድ የታሰረበት አንድ ቀይ የፕላስቲክ ቀለበት። ዋና ትችያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የተፈለገው ቁመቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዳም ሙኒራ፣ አል ኹበር ከተማ አል ራዋቢ ሰፈር ባለው ቤቷ ስድስት ዓመት ያገለገልኳት አሠሪዬ፣ ሃፍ ሙን በሚባለው የባሕር ዳርቻ ለቤተሰብ የሚከራዩ ስምንት ቤቶች ከፈተች። መሐላቸው ዙሪያውን የታጠረ የሴቶችና የልጆች መዋኛ ገንዳ አለ። የሴቶች ገንዳ ደግሞ ሴት ሕይወት አዳኝ ከሌለው ፈቃድ አያገኝም። ማዳም ያስመጣቻት ፊሊፒናዊት በሁለተኛው ሳምንት ሙቀቱ አልተስማማኝም ብላ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። መክፈቻው በማግስቱ ነበር።

ማዳም ሠራተኞቿን ገንዳው ዳር አሰለፈችን። ኢንዶኔዥያዊቷ ወጥ ሠሪ፣ ኬንያዊቷ የጽዳት ሠራተኛ፣ እኔ። የመጥረጊያ እንጨት አምጥታ ውሃው ጥልቅ የሆነበት ጋ ነክራ አወጣችው። ከዚያ እንጨቱን ከእያንዳንዳችን ጎን እያቆመች ለካችን። ርጥበቱ ኢንዶኔዥያዊቷን ከአናቷ አለፈ። ኬንያዊቷን አፍንጫዋ ላይ ደረሰ። እኔን አንገቴ ላይ ቀረ።

«ኸላስ! ፋጢማ አትሰጥምም» አለች ማዳም።

«ማዳም፣ እኔ እኮ ዋና አልችልም» አልኳት።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ማን ዋኚ አለሽ? ትሄጃለሽ።»

ፋጢማ የምትለው እኔን ነው። ስሜ አስካለ ነው፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ደላላው ፓስፖርት ሲያወጣልኝ ለሥራው ይቀናል ብሎ ፋጢማ አደረገኝ፤ ዕድሜዬንም በአራት ዓመት አስረዘመው። በዚያ ሳምንት ደግሞ ኢቃማዬ ላይ የቤት ሠራተኛ የሚለው ወጥቶ ሕይወት አዳኝ የሚል ገባበት። ከዚያ ወዲህ በመኖሪያ ወረቀቴ ላይ የእኔ የሆነው ፎቶው ብቻ ነው። እሱም ዓይኔን ጨፍኜ።

በሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ «ከቤተሰብዎ ጋር የሚያዩአቸውና የሚያደርጓቸው አሥር ነገሮች» ይላል። ባሕሩ፣ ገንዳው፣ ግመሉ፣ ዳባብ የሚሉት ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ በእግር የሚዘወር የዳክዬ ጀልባ፣ ዓሣ ማጥመድ፣ የአሸዋ ላይ ኳስ፣ የከሰል ጥብስ፣ የፀሐይ መጥለቅ። ተቆጥሮ ዘጠኝ ሆነ። ሒሳብ ያዡ ኡስታዝ ሐምዲ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ግብፃዊ፣ ዘጠኝ ብሎ ሰሌዳ አይሰቀልም አሉ። አሥረኛዋ እኔ ሆንኩ። «ሕይወት አዳኟን ይተዋወቁ» ተብሎ ተጻፈ።

እውነቱን ልናገር፣ ከዘጠኙ ደህና የሚሠራው ጥብሱ ብቻ ነበር። ግመሉ ባሕር ይፈራል። ውሃ ያየ እንደሆነ ፊቱን አዙሮ ይተኛል፤ ልጆቹ ሁሉ ፎቶ የሚነሱት ከኋላው ጋር ነው። የዳክዬዋ ጀልባ አንገቷ ተሰብሮ ደማም፣ የመጀመሪያው ኢንዱስትሪ ከተማ በሚባለው ሰፈር ወዳለ ጋራዥ ተላከች። ስትመለስ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ተበይዶ መጣ። ሰው ወደ ፊት ሲዘውር እየሸሸ ይመስላል። ኡስታዝ ሐምዲ ለጠየቀ ሁሉ አዲስ ሞዴል ነው ይላሉ።

የፀሐይ መጥለቁማ ጉድ ነው። በዚህ በኩል ያለው ባሕር የምሥራቅ ባሕር ነው፤ ፀሐይ የምትጠልቀው በመኪና ማቆሚያው በኩል ነው። እንግዳው ሁሉ አመሻሹ ላይ ወንበሩን ያዞርና ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ፣ ሻይ እየጠጣ፣ የራሱን መኪና ያያል። ማሻአላህ እያሉ ይሄዳሉ። ቅር ያለው ሰው አላየሁም።

ቀይ ሰደርያ ከለበሳችሁ ሰው ባሕሩም የእናንተ ይመስለዋል። ከሪያድ የመጣች አንዲት እመቤት «ባሕሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዒሻ ሶላት በኋላ አልኳት፤ ልጆቿን ቶሎ በሉ እያለች ሮጠች። ሌላዋ ደግሞ ውሃው ሸሽቶ ባዶ አሸዋ ሲቀር ዓይኗ ፈጦ መጣች። «ጠዋት የነበረው ውሃ የት ሄደ? እኛ የተከራየነው ከነውሃው ነው!» ማዳም ጋ ሮጬ ነገርኳት። «ነገ ጠዋት ይመለሳል በያት» አለችኝ። በማግስቱ ተመለሰ። ሴትዮዋ እኔን አመሰገነችኝ።

የእኔ ሥራ ግን ገንዳው ነው። ገንዳው አሥራ ሁለት ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቁ ጋ አንድ ሜትር ከሃምሳ ነው። ልጅ ሲቸገር ፊሽካ እነፋለሁ፣ ከነልብሴ እገባለሁ፣ በእግሬ እሄዳለሁ፣ አንስቼ እወጣለሁ። ዋናተኛ እጁን ሲያወናጭፍ እኔ ደርሻለሁ። ስንቱን እንዲህ አወጣሁ፤ እየሄድሽ ነው እኮ ብሎ የተናገረኝ አልነበረም።

መቁጠር ነው ዋናው። የፊሽካዬን ገመድ አሥራ አምስት ቦታ ቋጥሬዋለሁ። ልጅ ሲገባ አንድ ቋጠሮ ወደ ቀኝ እጄ አሳልፋለሁ፤ ሲወጣ እመልሳለሁ። በየሦስት ደቂቃው ራስ እቆጥርና ከቋጠሮው ጋር አስተያያለሁ። ይህን የተማርኩት የማዳምን ስድስት ልጆች ይዤ የገበያ አዳራሽ ስዞር ነው፤ አንዱ ከጠፋ ቤት መመለስ የለም። ማዳም ጣቴ ገመዱ ላይ ሲሄድ አይታ ለእንግዶቿ «ፋጢማ ቀኑን ሙሉ ተስቢሕ ታደርጋለች» ትላለች። ጸሎት የምቆጥር መስሏት ነው፤ አላረምኳትም።

ልጄ ቅድስት ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ነው ያደገችው። ጥያት ስወጣ ሰባት ዓመቷ ነበር። በዚያን ጊዜ የግል ኮሌጅ ገብታ ነርስነት ትማራለች፤ ሁለት ዓመት ይቀራታል። እሑድ እሑድ እደውላለሁ። «ደህና ነኝ እማዬ፣ ሁሉም ጥሩ ነው» ትላለች። ወንድሜ ስልኩን ሲቀበላት ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ጎረቤቱ ግማሽ ሰዓት ይጮሃል። እሷ ጭምት ናት፤ እኔም አልጨቀጭቃትም። እዚያ ገንዳ ዳር ያቆመኝ የእሷ ትምህርት ነው።

ገንዳው ዳር በቆምኩ በሰባተኛው ዓመት ወሬ መጣ። ሕይወት አዳኝ የሚል ኢቃማ ያለው ሁሉ ይፈተናል ተባለ። ተቆጣጣሪ ከደማም ትመጣለች፣ ታስዋኛለች፣ አንድ ሰው ከውሃ አውጡ ትላለች። የወደቀ ወረቀቱ አይታደስም።

ማዳም ቁርጡን ነገረችኝ። «ፋጢማ፣ ቤቴ ውስጥ አሁን ሌላ ሠራተኛ አለች፤ ወደዚያ ልመልስሽ አልችልም። ከወደቅሽ ኹሩጅ ነው፣ ጨርሰሽ ወደ አገርሽ ነው።»

አገሬ መግባቱ አይደለም የከፋኝ። እኔ ከተመለስኩ ቅድስት ከኮሌጅ ትወጣለች። አሥራ ሦስት ዓመት የሰው ልጅ አጥቤ፣ የሰው ልጅ ቆጥሬ፣ የእኔዋ ሁለት ዓመት ሲቀራት መንገድ ላይ ልትቀር! እንዴት አድርጌ ልዋጠው?

እንግዳ ሳይመጣ በማለዳ ገንዳው ውስጥ ብቻዬን ሞከርኩት። እግሬ ወለሉን ሲለቅ ልቤም አብሮ ለቀቀ። ግማሹን ገንዳ ጠጥቼ በእግሬ ወጣሁ።

ኡስታዝ ሐምዲ ሰሙ። እስክንድርያ ባሕር ውስጥ ነው ያደግሁት፣ በሦስት ሳምንት አስተምርሻለሁ አሉ። ወንድ ናቸው፣ የሴቶቹ ገንዳ አይገቡም። እኔም በእንግዳ ሁሉ ፊት ባሕር ገብቼ አልማርም። ስለዚህ ዋና የተማርኩት ቢሮ ውስጥ ነው።

ባለ ጎማውን የቢሮ ወንበር አመጡ። በሆዴ ተኛሁበት፤ እግሬን ወደ ኋላ ዘረጋሁ። እሳቸው ጠረጴዛቸው ጋ ተቀምጠው ደረሰኝ እየጻፉ ያዙኛል። «ቀኝ እጅ! ግራ እጅ! አንገት አዙሪና ተንፍሺ! እግርሽን ርገጪ፣ ርገጪ!» እኔ ስራገጥ ወንበሩ ይሽከረከራል። ከእንግዳ መቀበያው እስከ ማተሚያው በአንድ ትንፋሽ መድረስ ቻልኩ።

አንድ ቀን ቁልፍ ሊወስድ የገባ አባወራ ደንግጦ ቆመ። «ምን እያደረገች ነው?»

«እየዋኘች ነው» አሉ ኡስታዝ ሐምዲ፣ ቀና ሳይሉ። ቁልፉን ሰጡት። ሰውየው አመስግኖ ወጣ።

የፈተናው ቀን ማዳም ገንዳውን አልዘጋችም። ቤቱ እንዴት ሰው እንደሚወደው ተቆጣጣሪዋ ትይ ብላ ጭራሽ ዘመዶቿን ከነልጆቻቸው ጠራች። አሥራ አንድ ልጅ ገባ። አሥራ አንድ ቋጠሮ አሳለፍኩ። ተቆጣጣሪዋ ኡስታዛ ኖፍ የምትባል፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ታብሌት የያዘች ሴት ናት። ሰላምታዋ አጭር ነው። «ሂጂና ተመለሺ። ሃያ አራት ሜትር ይሆናል» አለችኝ።

ገባሁ። እጄን ልክ ኡስታዝ ሐምዲ እንዳስተማሩኝ ወነጨፍኩ። አንገቴን አዞርኩ፣ ተነፈስኩ፣ ውሃውን ደበደብኩ። እግሬ ግን ከሥር ቀስ ብሎ እየሄደ ነው። ጥልቁ ጋ ስደርስ ውሃው አንገቴን ይዞልኝ ከላይ ለሚያይ ደህና ዋናተኛ መስያለሁ። ጥልቀት የሌለው ጫፍ ስደርስ ግን ውሃው ወገቤ ላይ ቀረ። እጄ ባዶ አየር ላይ ይዋኛል።

ኡስታዛ ኖፍ ቁጢጥ ብላ አየችኝ። «እግርሽ መሬት ላይ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ለምን?»

«መሬት ስላለ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

አንድ ነገር ጻፈች። ማዳም ነገሩ እንደተበላሸ ገባት። «ዋናው ማዳን ነው!» ብላ ዘለለች። «ማዳኑን ፈትኛት! ሰጣሚ እኔ እሆናለሁ!» ሰዓቷንና መነጽሯን ለእህቷ ሰጥታ ከነአባያዋ ጥልቁ ጋ ገባች።

እንዲህ ያለ መስጠም አይቼ አላውቅም። «ያ ናስ! ሰዎች! ሰጠምኩ! ልጆቼን አደራ!» ውሃው እስከ አጥሩ ይረጫል። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ኬንያዊቷ መወልወያዋን ጥላ ልታይ መጣች። ኡስታዛ ኖፍ ሰዓት ያዘች፤ «ጀምሪ» አለችኝ።

ቀለበቱን አንስቼ ወደ ማዳም ዞርኩ። ጣቴ ደግሞ በልማዱ የፊሽካው ገመድ ላይ ሄደ። አሥር ራስ። ቋጠሮው አሥራ አንድ ነው። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሥር።

ማዳም ትጮኻለች። ሰው ሁሉ ማዳምን ያያል። እኔ ዝም ያለበትን ቦታ ፈለግሁ። ከፕላስቲክ መንሸራተቻው ጀርባ ከዘመዶቹ ልጆች አንዷ፣ የአምስት ዓመቷ ጁድ አለች። ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ፀጉሯ ፊቷን ሸፍኖታል፤ አፏ ከውሃው ጋር እኩል ነው። አትጮህም፣ እጇን አታወዛውዝም። ሰው የሚሰጥመው እንደዚህ ነው።

ፊሽካውን ነፋሁና ቀለበቱን ጥዬ ገባሁ። በማዳም አጠገብ አለፍኩ። ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። «ፋጢማ! እዚህ ነኝ! ሰጣሚዋ እኔ ነኝ!» ገፈተርኳት። አሠሪዬን፣ በተቆጣጣሪ ፊት። ሰባት እርምጃ ሄድኩ። ጁድን በብብቷ አንስቼ ትከሻዬ ላይ ደፋኋት፤ ጀርባዋን መታሁት። አንዴ፣ ሁለቴ። የብርቱካን ጭማቂ አስታወከችብኝና አለቀሰች። እሪ ብላ! በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ለቅሶ የለም። የልጅቱ እናት እግሬ ላይ ተደፋች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ማዳም ጥልቁ ጋ ሆና ዞር ብላ ስታይ መስጠሟን ተወችው።

ኡስታዛ ኖፍ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። ከዚያ ለማዳም አነበበችላት። ዋና፣ አትችልም። ለፈተና የቀረበችው ሰጣሚ፣ አልዳነችም።

«አልዳነችም ማለት?» አለች ማዳም ውሃዋን እያንጠባጠበች።

«በወረቀቱ መሠረት ሞተሻል።»

«እኔ?!»

«ከሰጠምሽ አራት ደቂቃ አልፏል። ማንም አላወጣሽም።»

እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ኮሌጁን አስብ ነበር። አለቀ፣ ልጄን አስወጣኋት አልኩ በሆዴ። ኡስታዛ ኖፍ ግን ታብሌቷን ዘግታ አጠገቤ መጣች፤ ገመዱን ከእጄ ወስዳ ቋጠሮውን ነካካችው። «ይህ ምንድን ነው?» አለች። ነገርኳት። ዞራ ማዳምን «የገንዳሽን ወለል በሠላሳ ሳንቲሜትር ከፍ አስደርጊ» አለቻት። «ከአንድ ሜትር ከሃያ ካልበለጠ ዋናተኛ ግድ አይደለም፤ ተመልካች ይበቃል። ይህችን ሴት ተመልካች ብዬ አሳልፋታለሁ። ዋናተኛ ግን አይደለችም፣ እንዳትዋሹ።»

በወሩ ወለሉ በሲሚንቶ ከፍ አለ፤ ኢቃማዬ ላይም ተመልካች የሚል ተጻፈ። በአሥራ ሦስት ዓመት ወረቀቴ ላይ እውነት ሲጻፍ የመጀመሪያው ነው። ኡስታዝ ሐምዲ ግን ዋና አስተምሬ ያሳለፍኳት እኔ ነኝ እያሉ እስከ ዛሬ ያወራሉ አሉ።

በፈተናው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልብሴ ገና ሳይደርቅ፣ ቅድስትን ደወልኩላት። እሑድ አልነበረም። ማለፌን ልነግራት ነው፤ ትምህርትሽ አይቋረጥም ልላት ነው።

«ሃሎ፣ እማዬ? ደህና ነኝ፣ ሁሉም ጥሩ ነው» አለችኝ።

ገና ምንም አልጠየቅኋትም። ጣቴ ገመዱ ላይ ቆመ።

«ቅድስት፣ እኔ እኮ ደህና ነሽ ወይ አላልኩሽም።»

ዝም አለች። ያቺን የጁድን ዝምታ ነው የሰማሁት። «ምን ሆነሻል ልጄ? ንገሪኝ።»

«ኮሌጁን ትቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ከጥምቀት በፊት። ደም ሳይ እወድቃለሁ፣ እማዬ። ሦስቴ ወደቅሁ። በሦስተኛው ያነሳኝ በሽተኛው ነው።»

ከጥምቀት ወዲህ ሰባት ወር ሆኗል። ሰባት ወር ሙሉ ደህና ነኝ! ደሜ ፈላ። ሦስት ሳምንት በወንበር ላይ የተራገጥኩት፣ አሠሪዬን ገፍትሬ ልባረር የነበረው፣ ለየትኛው ኮሌጅ ነው? ጮኽኩባት። ውሸታም አልኳት፤ ሌላም የማይባል ተናገርኩ። እሷም ጮኸችብኝ። «አንቺ የምትኖሪው ለእኔ ትምህርት ነው! እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ደህና ነሽ ወይ ብለሽ መልሱን ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ቀጥለሽ ወንድምሽን አቅርቢልኝ ነው የምትይው!» እያለቀሰች፣ በጩኸት።

እውነቷን ነበር። ስትጮህ ንዴቴ በረደ። በዚያ ሁሉ ዓመት ድምፅዋን አውጥታ የተናገረችኝ ያን ቀን ነው። የማዳምን ስድስት ልጆች ቆጥሬያለሁ፣ የእንግዳውን ሁሉ ልጅ ቆጥሬያለሁ። የእኔ አንድ ነበረች።

ሞባይል ጥገና እየተማርኩ ነው አለችኝ። ጎበዝ ነኝም አለች። ሱቅ እንድትከፍት ሌላ ሁለት ዓመት ሠራሁላት፤ ከዚያ በራሴ ፈቃድ ኹሩጅ ወጣሁ። አሁን ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ ባለች ሱቋ በር ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። አሁንም ጭምት ናት። ደህና ነኝ ስትለኝ ሁለተኛ እጠይቃታለሁ፤ ትናደዳለች።

ሥራውን ለምትጀምሩ የምላችሁ ይህን ነው። ዋና ብትችሉ ጥሩ ነው፤ ባትችሉም ቁጠሩ። የሚጮህ ሰው አየር አለው። መጀመሪያ ዝም ወዳለው ሂዱ። ወደ ቤት ስትደውሉም እንደዚሁ ነው።